ስንት ቤተሰብ ክፍያው ተቆረጠበት? ቀላል የሚመስለው ቆጠራ

እስቲ ሞላሌ አካባቢ፣ መንዝ ደጋ ላይ፣ አንድ ጠዋት አስቡ። ብርዱ ገና አልለቀቀም። ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው እርከን ሊሠሩ ተሰብስበዋል፤ አንዱ ደግሞ መዝገብ ይዞ ስም ይጠራል። የተገኘ ምልክት ይደረግለታል፤ የቀረ የዚያን ቀን ክፍያ አያገኝም። ታዲያ «ዘንድሮ ስንት ቤተሰብ ክፍያ ተቆረጠበት?» ብትባሉ፣ ከመዝገቡ ቆጥራችሁ የምትመልሱት ይመስላችኋል። ግን እኮ እንዲህ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ታሪኩን። በአገራችን ለሥራ አጥ በየወሩ የሚከፈል አበል የለም። ለእሱ የሚቀርበው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ ሲጠፋ ወይም ውርጭ ገብሱን ሲመታው እርዳታ የሚመጣው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነበር። በሴፍቲኔት ግን ድጋፉ አስቀድሞ የታወቀ ሆነ፤ መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት በእያንዳንዱ አባል ልክ በወር 5 ቀን፣ በዓመት ለስድስት ወር ያህል ይሠራል። የሚሠራ ጉልበት የሌለው ቤት ሳይሠራ ይከፈለዋል። ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት እንግዲህ 25 ቀን ሠርቶ 75 ኪሎ ያገኛል። ሦስት ቀን ከቀረ 9 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። (ጉልበት ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ 25ቱን ቀን ብቻውን ሲሸከም አስቡት! በኋላ ለአንድ ሰው የሥራ ቀን ጣሪያ ተበጀለት።)

አሁን እንቁጠር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው። 100 ቤተሰብ አለ፤ እያንዳንዱ 25 ቀን አለበት፤ በየወሩ 5 ቤተሰብ ሦስት ሦስት ቀን ይቀራል። በቀን ብትቆጥሩ ከ2,500 ቀን የጠፋው 15 ነው፦ 0.6 በመቶ። በወር በቤተሰብ ብትቆጥሩ 5 በመቶ። በስድስቱ ወር ውስጥ አንዴም ቢሆን የተቆረጠበትን ብትቆጥሩ ደግሞ፣ በየወሩ የሚቀሩት ሌሎች ሌሎች ከሆኑ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ሁልጊዜ እነዚያው ከሆኑ 5 ላይ ይቆማል። መዝገቡ ያው አንድ ነው። ሦስቱም መልስ እውነት ነው።

በዚህ ጥያቄ የሥራ አጥ አበል ያላቸው አገሮች ብዙ ተከራክረዋል። ብሪታንያ በ1911 እ.ኤ.አ. የሥራ አጥ መድንን በሕግ ስትጀምር፣ ሥራውን ያለ በቂ ምክንያት በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ለስድስት ሳምንት አበል ይከለከል ነበር። ቅጣት ከአበሉ ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሹማምንቱ የየወሩን መቶኛ እየጠቀሱ «የሚቀጡት ጥቂቶች ናቸው» ሲሉ፣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዌብስተር የመንግሥትን ቁጥሮች እየመረመረ ይሞግት ነበር። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤትም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2010 እስከ 2015 የሥራ ፈላጊ አበል ከተቀበሉት ውስጥ 24 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ መቀጣታቸውን ገለጸ። ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው! በየወሩ ትንሽ የሚመስለው ነገር ሲጠራቀም ይህን አክሏል።

አንድ ልዩነት ግን እንዳትስቱ። እዚያ ቅጣቱ በባለሥልጣን የሚወሰን ነው፤ የሞላሌው ግን ያልተሠራ ቀን አለመከፈሉ ነው። ባዶ ጓዳ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠባል፤ ለቆጣሪ ግን ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም መዝገቡ «ቀሪ» ይላል እንጂ ሰውየው ልጁን ጤና ጣቢያ ወስዶ ይሁን፣ ቀብር ላይ ውሎ ይሁን፣ የራሱን ማሳ ሲያርስ ይሁን አይናገርም።

ደግሞ ጨርሶ የማይቆጠር አለ። በሴፍቲኔት ታሪክ ደጋግሞ የተነሳ ችግር የክፍያ መዘግየት ነው። 25ቱንም ቀን የሠራ ቤት እህሉ ከሁለት ወር በኋላ ቢደርሰው፣ መዝገቡ ላይ ምንም አልተቆረጠበትም።