እረኛውን ያዳነው፣ ኩላሊቱን የጎዳው ዘረመል

ከጂንካ ወደ ማጎና ወደ ኦሞ ሲወረድ የወንዞቹ ዳር ለምለም ነው። ሣርም ውሃም አይጎድለውም፤ ከብት ግን አይበረክትበትም። ጥሻው የቆላ ዝንብ መራቢያ ነው። ዝንቡ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያስተላለፈበት በሬ ሣር እየጋጠ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዐይኑ ያለቅሳል፣ ጉልበቱ ይከዳውና አንድ ቀን ከመንጋው ኋላ ወድቆ ይቀራል።

የሙርሲ ሕዝብ ኑሮውን ያደራጀው ይህን እያወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠናው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ዴቪድ ተርተን እንደጻፈው፣ መተዳደሪያቸው ሦስት ነው፦ የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ መዝራት፣ በዝናብ ማረስ እና ከብት ማርባት። እህሉ ወንዝ ዳር ሲበቅል ከብቱ ከዝንቡ ርቆ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው ሣራማ ሜዳ ይሰማራል። ስለዚህ ቤተሰቡ ዓመቱን ተከፋፍሎ ይኖራል፤ ሴቶቹ ከማሽላው፣ ወጣት ወንዶቹ ከመንጋው ጋር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ድርቅና ረሀብ ከመታቸው በኋላ፣ በ1979 ከፊሎቹ ወደ ማጎ ሸለቆ ተሻገሩ። አዲሱ መሬት ለእርሻ የተመቸ፣ ለደጋው ገበያም የቀረበ ነበር። ቆላ ዝንብ ግን እዚያም ስለነበረ ለከብት አልሆነም።

ያው ዝንብ እረኛውንም ይነክሳል። በሬው በገንዲ ሲሞት እረኛው ለምን ይተርፋል?

መልሱ ደም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በብራሰልስ ያሉ ተመራማሪዎች ኤፒኦኤል1 የሚባል ፕሮቲን በሰው ደም ውስጥ እየተዘዋወረ የገንዲን ተውሳክ እንደሚገድል አሳዩ። ፕሮቲኑ ተውሳኩ ውስጥ ገብቶ ሽፋኑን ይበሳል፤ ተውሳኩም አብጦ ይፈነዳል። ከብት ይህ ፕሮቲን የለውም። ከተውሳኩ ዝርያዎች ጥቂቶቹ ግን ፕሮቲኑን ማምለጥ ችለው በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታን ያመጣሉ። በኢትዮጵያ ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጋምቤላ አካባቢ ታወቀ፤ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከጠፋ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ እንደገና ታየ።

የእንቅልፍ በሽታ በበረታበት በምዕራብ አፍሪካ፣ ባለፉት ዐሥር ሺህ ዓመታት ገደማ ውስጥ ኤፒኦኤል1ን የሚያሠራው ዘረመል ሁለት አዳዲስ ዓይነቶች ተስፋፉ። ተውሳኩን የበለጠ ይቋቋማሉ፤ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደተረጋገጠው፣ ከእናትም ከአባትም የወረሳቸው ሰው ለኩላሊት በሽታ የተጋለጠ ይሆናል።

ሉፐስ የሚባለው ሕመም ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በኩላሊት በኩል ነው። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የራስን አካል ጠላት አድርገው የሚያጠቁበት በሽታ ነው። ከታማሚዎቹ ከ10 ሰዎች 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው። ችግሩ የትኞቹ ዘረመሎች መኖራቸው ብቻ ሳይሆን መቼና ምን ያህል መሥራታቸውም ነው። ከሞቱ ሕዋሳት የሚፈሰውን ዲኤንኤ የመከላከያ ሕዋሳት እንደ ቫይረስ ቆጥረው ኢንተርፌሮን የሚባል የማንቂያ መልእክት ይለቃሉ። መልእክቱ የደረሳቸው ሕዋሳት ብዙ ዘረመሎችን በአንድ ጊዜ ያስነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጡ ጥናቶች የእነዚህን የተነሡ ዘረመሎች አሻራ በብዙ የሉፐስ ታማሚዎች ደም ውስጥ አገኙት። አይአርኤፍ5 እና ስታት4 የሚባሉት፣ ለሉፐስ የሚያጋልጡ ዓይነቶች ያሏቸው ዘረመሎችም የዚሁ የማንቂያ መሥመር ክፍሎች ናቸው።

ኢንተርፌሮን ከሚቀሰቅሳቸው ዘረመሎች አንዱ ኤፒኦኤል1 ነው። አደገኛዎቹን ዓይነቶች የወረሰ ሰው ሉፐስ ሲይዘው ኩላሊቱ ውስጥ የሚመረተው ጎጂ ፕሮቲን ይጨምራል። በአሜሪካ፣ ሉፐስ ካለባቸው አፍሪካ አሜሪካውያን መካከል አደገኛዎቹን ዓይነቶች ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ኩላሊታቸው ሥራ ወደ ማቆም የመድረስ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ኢትዮጵያውያንስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከአራት የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች የመጡ ከ300 በላይ ሰዎችን መርምሮ አደገኛዎቹን ዓይነቶች አላገኘም። በኤችአይቪ የተያዙ ኢትዮጵያውያን የምዕራብ አፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው የኤችአይቪ ሕመምተኞች ላይ ከሚታየው የኩላሊት በሽታ መትረፋቸውን አጥኚዎቹ በዚህ አስረዱ። ቆላ ዝንብ በአህጉሪቱ ሰፊ ክፍል ቢኖርም በሰው ዘረመል ላይ የተወው ምልክት አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ በአሜሪካ በጥቁር ሕመምተኞች ላይ የተገኘውን ውጤት እንዳለ አምጥቶ ለኢትዮጵያዊ ማዋል ስሕተት ነው። ሀገሪቱ ዝንቡን ለማጥፋት ቃሊቲ ላይ ዝንብ አርብታ ወንዶቹን በጨረር እያመከነች በደቡብ ሸለቆዎች ለመልቀቅ ተነሥታለች፤ የሕዝቧንም ዘረመል በራሷ ባለሙያዎች ማጥናት ይገባታል።

ይህ ማለት ግን ኢትዮጵያዊት የሉፐስ ታማሚ ኩላሊቷ አይነካም ማለት አይደለም። ሉፐስ ያለዚህ ዘረመልም ኩላሊትን ይጎዳል፤ ጉዳቱም መጀመሪያ ላይ አያምም። ፊቷ ላይ በአፍንጫና በጉንጮቿ የሚዘረጋ ሽፍታ፣ የማይለቅ የመገጣጠሚያ ሕመምና ድካም ያለባት ሴት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሽንቷንም ታስመርምር። በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩ ቀድሞ ከታወቀ ኩላሊቱን የማትረፍ ዕድል አለ።