የጉንፋን ማስታገሻ መድኃኒቶች

የጉንፋን ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙ፣ ትኩሳትን፣ ራስ ምታትን፣ የአፍንጫ መታፈንንና ሳልን የሚያቀልሉ መድኃኒቶች ናቸው። ጉንፋንንም ኢንፍሉዌንዛንም የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ማስታገሻዎቹ ግን ቫይረሱን አያጠፉም። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል።

ለምሳሌ ላሊበላን ብንወስድ፣ ከተማዋ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለው የአሸተን ማርያም ገዳም ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምእመን በብርዳማ ሌሊት ተጠጋግቶ ስለሚያድር ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ይተላለፋል። ከቆላ መጥቶ ወደ አሸተን የሚወጣ ሰው ራሱን ቢያመው ሁልጊዜ ጉንፋን ነው ማለት አይደለም፤ የአየሩ መሳሳትም ራስ ያሳምማል።

ላሊበላ ባለችበት በላስታ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር፣ መጀመሪያ የሚታሰበው የጓሮ መድኃኒት ነው። ዳማከሴ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂውም በቡና ይጠጣል፤ ጤና አዳም፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ማርም አሉ። ማር ሳልን እንደሚያበርድ በጥናት ታይቷል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም።

ከፋብሪካ መድኃኒቶች ዋናው ፓራሲታሞል ነው። አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ክኒን ከ4 እስከ 6 ሰዓት እያራራቀ ይወስዳል፤ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ክኒን፣ ማለፍ የለበትም። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ብዙዎቹ ድብልቅ የጉንፋን ክኒኖች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱን ደርቦ የዋጠ ሰው ሳያውቀው ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። የሕፃናት መጠን የሚለካው በክብደታቸው ነው። አስፕሪን ለልጆች አይሰጥም።

ክሎርፌኒራሚን ንፍጥን ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ያመጣል፤ የወሰደው ሰው መኪና መንዳት የለበትም። አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎች ከጥቂት ቀናት በላይ ከተደጋገሙ መታፈኑን ያባብሳሉ። በብዙ ድብልቅ ክኒኖች ውስጥ ያለው ፌኒሌፍሪን በአፍ ሲወሰድ አፍንጫ እንደማይከፍት የአሜሪካ መንግሥት አማካሪ ባለሙያዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ወስነዋል።

አሞክሳሲሊንና መሰል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከዚህ ጎራ አይቆጠሩም። መሸጥ ያለባቸው በማዘዣ ብቻ ነው፤ ቫይረስ ላይም አይሠሩም። ለጉንፋን እየገዙ መዋጥ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ያደርጋል።

ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ትኩሳቱ ከሦስት ቀን በላይ የዘለቀ፣ እንዲሁም ጡት መጥባት የተሳነው ሕፃን፣ ማስታገሻ ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።