የምድር ባቡር ከባሕር ወደ ሸዋ የወጣበት ዜና

በ1886 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሐረር በኩል እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም አልፎ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቀዱ። ፈቃዱን የተቀበለው የስዊስ አገር ሰው አልፍሬድ ኢልግ ነበረ፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መጥቶ በቤተ መንግሥታቸው የኖረ መሐንዲስ ነው። የሥራ ባልንጀራው ፈረንሳዊው ሙሴ ሊዮን ሸፍኑ ሆነ። የፈቃዱም ዘመን 99 ዓመት ተባለ፤ ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋም በውሉ ተጻፈ።

በዚያ ወራት ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ ቡናውንና ቆዳውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን በበቅሎና በግመል ጭኖ አንድ ወር፣ አንዳንዴም እስከ ስድስት ሳምንት ይጓዝ ነበር። በረሃው ከብቱን ይጨርስበታል፤ ኬላውም ገንዘቡን ይወስድበታል። ንጉሠ ነገሥቱም ይህን አይተው፣ ጠመንጃና መኪና ከባሕር በቶሎ የሚያወጣ መንገድ ለመንግሥታቸው እንደሚያስፈልግ ተረዱ። የዓድዋ ድል በሆነበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት ለሥራው የሚሆን ኩባንያ በፓሪስ ቆመ።

ዳግመኛ ማርቆስ በመጣበት በ1890 ዓመተ ምሕረት፣ በወርኀ ጥቅምት፣ ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። ምድሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውኃ የለበትም። ሸለቆዎቹ ጥልቅ ስለ ነበሩ በሆልሆልና በሸበሌ ላይ ታላላቅ የብረት ድልድዮች ተተከሉ። የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ሆነ። በዚያ በረሃ የሚኖሩት የኢሳ ሰዎች ግን ሥራውን በጦር ተቃወሙ፤ ሠራተኞችም ሞቱ። የበረሃው ሰው ግመሉን አከራይቶ፣ ለነጋዴ መንገድ መርቶ የሚኖር ነውና፣ ባቡሩ እንጀራውን እንደሚነጥቀው አስቀድሞ ገብቶት ነበር። ሐዲድ የሚያነጥፉት ሰዎች አስቀድመው ከባላገሩ ጋር ቢመካከሩ ኖሮ ብዙ ደም ባልፈሰሰ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የምጽፈው ከዚያ ወዲህ በአገራችን በተሠራው መንገድና ግድብ ሁሉ ያው ጥፋት ሲደገም ስላየሁ ነው።

ከበረሃው ይልቅ የከበደው ግን የገንዘቡ ነገር ነው። ኩባንያው የያዘው ገንዘብ ቶሎ አለቀበት፤ ባለጸጎችም ብድር ነፈጉት። ገንዘብ ያላቸው የእንግሊዝ ሰዎች አክሲዮኑን መግዛት ሲጀምሩ የፈረንሳይ መንግሥት ደነገጠ። በ1894 ዓመተ ምሕረት፣ በወርኀ ጥር፣ ከኩባንያው ጋር ውል አደረገ፤ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ እስከ 50 ዓመት ሊሰጥ፣ በለውጡም ኩባንያውን ሊቆጣጠር። ውሉ ሲጻፍ ምኒልክን የጠየቀ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ለነጋዴዎች ማኅበር የሰጡት ፈቃድ በአገራቸው ላይ የሌላ መንግሥት እጅ መግቢያ እንደ ሆነ ባወቁ ጊዜ እጅግ ተቆጡ።

ሐዲዱም በ1895 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኀ ታኅሣሥ ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ተራራው ለባቡር ስለ ከበደ መንገዱ ወደ ሐረር ሳይወጣ በሜዳው ቀረ፤ በዚያም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ምኒልክ አዲስ ሐረር አሏት፤ እኛ ድሬዳዋ የምንላት ናት። ከዚያ ወዲያ ግን ሐዲዱ ወደ ሸዋ እንዲያልፍ እሺ አላሉም፤ ኩባንያውም ከሰረ። ባቡሩ ያስፈልጋቸው እንደ ነበር ከማንም ይልቅ ራሳቸው ያውቁ ነበር፤ ሆኖም የተፈለገ ነገር እንኳ በማን ገንዘብና በምን ውል እንደሚገባ መመርመር የንጉሥ ሥራ ነው። ስለዚህም በዚህ ነገር ምኒልክን ከሚያመሰግኑ ወገን ነኝ።

በታኅሣሥ 1899 ዓመተ ምሕረት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በሎንዶን ተዋዋሉ፤ እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰው ባቡር የፈረንሳይ ይሁን ተባባሉ። ምኒልክም ውሉ በነጻ መንግሥታቸው ላይ ምንም ኃይል እንደማይኖረው አስታወቁ። በ1900 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አዲስ ፈቃድ በሐኪማቸው በዶክተር ቪታሊየን ስም ተሰጠ፤ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የሚባለውም ኩባንያ ቆመ። ሥራው ቀጠለ፤ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻገረ። ምኒልክ ግን በታኅሣሥ 1906 ዐረፉ፤ ባቡሩን በአዲስ አበባ ሳያዩት ቀሩ። የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ነው። የመንገዱም ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ባቡሩ በቀን እየሄደ ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ከባሕር ሸዋ ይደርስ ነበር።

በ1922 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ የለገሃር ጣቢያ ተመረቀ። በድሬዳዋም የባቡር መጠገኛ ቤት ተሠርቶ፣ ፈረንሳይኛ እየተናገረ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ የሚበይድና የሚገጥም የሠራተኛ ትውልድ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አደገ። በየመጽሐፉ የነገሥታቱና የመሐንዲሶቹ ስም ተጽፏል፤ ያ ሁሉ ዘመን ባቡሩን ያስኬዱት ግን እነዚህ ሰዎች ናቸው።

በ1927 ዓመተ ምሕረት፣ በልደት ቀን በታኅሣሥ 29፣ የፈረንሳዩ ሚኒስትር ላቫል ከሙሶሊኒ ጋር በሮም ተዋዋለ፤ ከኩባንያው አክሲዮን 2,500ውን ለኢጣሊያ ሰጠ። በመንገዱም ለኢትዮጵያ የሚመጣው የጦር መሣሪያ ታገደ። ምኒልክ በ1895 የፈሩት ነገር በዚህ ጊዜ ደረሰ፤ ሐዲዱ በኢትዮጵያ ምድር ተነጥፎ ሳለ ለኢትዮጵያ ጥይት አላወጣም። ኢጣሊያም አገሩን ወረረች፤ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ጠላት ከወጣ በኋላ የመንግሥት ዓይን ወደ መኪና መንገድ ዞረ። በ1943 ዓመተ ምሕረት የዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳና 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ቆመ። ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትመለስ አሰብና ምጽዋ ተከፈቱ፤ ጭነቱም ከባቡር ወደ ካሚዮን ተሻገረ። በ1952 ኩባንያው መቀመጫውን ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ አዛወረ፤ እኩሌታውም የኢትዮጵያ ሆነ። ያ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ድርሻው ሲገኝ የሐዲዱ ዕድሜ እየገፋ ነበርና የሚያድሰው ገንዘብ አልተመደበለትም።

በ1969 መጨረሻ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ድልድዮቹ በፈንጂ ተሰበሩ፤ መንገዱም ለብዙ ወራት ተዘጋ። በጥር 5 ቀን 1977 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በረሃብ ላይ በነበርንበት ዓመት፣ ሰው የጫነው ባቡር በአዋሽ ድልድይ መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዛሬ በአዋሽ የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ባያውቅ አልወቅሰውም፤ የሚያስታውሰው ጽሑፍ ጥቂት ነውና። ስለዚህ በዚህ ዜና መዋዕል በወሩና በቀኑ ጻፍሁት።

በግንቦት 1990 ተለይታ ነጻ አገር ከሆነችው ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ አሰብም ተዘጋ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሆነው በጅቡቲ ብቻ ያልፍ ጀመር። ባቡሩ በጣም ያስፈለገው ያን ጊዜ ነበረ፤ ያን ጊዜ ግን ሐዲዱ ዝጎ፣ ድልድዩ ላልቶ፣ ባቡሩ በየቦታው ይወድቅ ነበር። ጭነቱን ካሚዮኖች ወሰዱት። ለአርባ ዓመት በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ለጥገና ቢወጣ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ከ2000 ዓመተ ምሕረት በኋላ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው አሮጌ ባቡር ቆመ።

መንግሥትም በ2000 የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽንን አቋቋመ፤ ሰፊውና በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲስ መንገድም በቻይና ኩባንያዎች እጅ ተጀመረ። ዋናው ገንዘብ ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር መጣ። በኅዳር 2008፣ ድርቅ አገሩን በመታ ጊዜ፣ መንገዱ ገና ሳያልቅ የእርዳታ እህል በናፍጣ ባቡር ተጭኖበት ወጣ። የመንገድን ጥቅም ለመመስከር ከዚህ የበለጠ አላውቅም። በመስከረም 25 ቀን 2009፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝና የጅቡቲው ፕሬዚዳንት እስማኤል ኡመር ጌሌ በአዲስ አበባ መረቁት። መደበኛ ሥራው በ2010 በታኅሣሥ ተጀመረ።

ችግሩም አብሮ መጣ። ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ ሽቦና ብረት ይሰረቃል፤ የአርብቶ አደሩ ከብትና ግመል በሐዲዱ ላይ ይሞታል፤ በካሳውም ጠብ ይነሣል። ብድሩ በ10 ዓመት ሊከፈል አልቻለምና በ2010 መጨረሻ መንግሥት ከቻይና ጋር ተደራድሮ ወደ 30 ዓመት አራዘመው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩን ያስኬዱት ቻይናውያን ነበሩ። በግንቦት 2 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሥራው በኢትዮጵያና በጅቡቲ ሠራተኞች እጅ ገባ፤ መንገዱን ከያዘው ኩባንያም ከአራት እጅ ሦስቱ የኢትዮጵያ፣ አንዱ የጅቡቲ ነው።

እንግዲህ በጀት የምትመድቡ ሹማምንት፣ የሐዲዱን የጥገና ገንዘብ ከብድሩ ክፍያ እኩል በየዓመቱ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በሐዲዱ አጠገብ ከሚኖረው አርብቶ አደር ጋርም ከብቱ ሳይሞት በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።