ሽቦ እንደ ስንደዶ

ስፌት የምናውቅ ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ መጀመሪያ ስንደዶውና አክርማው መገኘት አለበት። ሣሩ የሚበቅልበት መስክ ከታጠረስ? ይህን ጥያቄ በእጃቸው ሥራ የሚያነሱ አንዲት አውስትራሊያዊት አሉ፤ ወይዘሮ ሎሬይን ኮኔሊ ኖርቲ ይባላሉ። በ1962 በቪክቶሪያ ግዛት፣ በስዋን ሂል ከተማ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እናታቸው ከአገሬው ተወላጆች ከዋራጀሪ ሕዝብ፣ አባታቸው ደግሞ የአየርላንድ ዘር ናቸው።

የዋራጀሪ ሴቶች ከሣርና ከልጥ ክር አክርረው ናርቦንግ የሚባል ከረጢት ይሠሩ ነበር። ወይዘሮ ሎሬይን ናርቦንጉን የሚሠሩት ግን ከዛገ ቆርቆሮ፣ ከአጥር ሽቦና ከወንፊት ሽቦ ነው፤ ወድቆ ያገኙትን እየለቀሙ።

እንግሊዞች በ1788 መጥተው ሲሰፍሩ አገሩን ባለቤት የሌለው መሬት አድርገው ቆጠሩት። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ሰፋሪዎች በጎቻቸውን እየነዱ ወደ ቪክቶሪያ ዘለቁ። በዚያ ሴቶች በመቆፈሪያ እንጨት እያወጡ ቤተሰብ የሚመግቡበት ሙርኖንግ የሚባል ሥራ ሥር ነበር። በጎቹ ጋጡት፣ መሬቱንም በኮቴያቸው አጠነከሩት። በ1859 ደግሞ አንድ ባለርስት ለአደን ብሎ ጥቂት ጥንቸሎችን ለቀቀ፤ ተራብተው አገር አጠፉ፤ እነሱን ለመከልከል ብዙ ሽቦ ተዘረጋ። ዛሬ ዝጎ የሚለቀመው እንግዲህ እንዲህ ያለው ሽቦ ነው። መሬቱ ባለቤት አልነበረውም የሚለውን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ1992 ነው፤ ከ204 ዓመት በኋላ!

ከሥራዎቻቸው እኛን ይበልጥ የነካን ካባው ነው። በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ፖሰም ከሚባል የዛፍ እንስሳ ቆዳ ካባ ይሰፋ ነበር። ሕፃኑ ሲያድግ ቆዳ እየተጨመረለት ካባውም አብሮት ያድጋል፤ በውስጥ በኩል የአገሩና የወገኑ ምልክት ይቀረጽበታል። ቅኝ ገዢዎቹ በምትኩ ብርድ ልብስ አደሉ። ብርድ ልብስ ዝናብ አይመልስም፤ ብዙ ሰው ታመመ። ከድሮዎቹ ካባዎች የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወይዘሮ ሎሬይን ይህንንም ካባ ከዛገ ብረትና ከሽቦ ሠርተውታል።

ፎቶውን ስናይ ከመካከላችን አንዷ «ይህማ ይወጋል፤ ማን ይለብሰዋል?» አለች። ሌላዋ ግን ዓይኗ ከናርቦንጉ አልተነሳም፤ አፉ እንዴት እንደተጠቀለለ በጣቷ እየተከተለች ነበር።