ከርስት ዕጣ እስከ ቶምቦላ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፣ እንደ ሌላውም የርስት አገር ሁሉ፣ ወራሾች መሬት ሲካፈሉ ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። ሽማግሌዎች ማሳውን ይመትራሉ፤ ለሙን ከጭንጫው አመዛዝነው በየድርሻው ይከፍሉታል። ከዚያ ወራሾቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምልክት ይሰጣሉ፤ አንዱ ጠጠር፣ ሌላው ስባሪ እንጨት፣ ሌላው ቅጠል። የቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ምልክቶቹን ተቀብሎ በየድርሻው ላይ ያኖራቸዋል። ጠጠሩ ገደል አፋፍ ያረፈበት ሰው ፊቱ ይጠቁር ይሆናል። «ተጭበረበርኩ» ለማለት ግን አፍ የለውም፤ ሁሉም ቆሞ አይቷልና።

ይህን ገበሬ «ቁማርተኛ ነህ» ቢሉት ዱላ ያነሳ ነበር። ሃይማኖቱም ከእሱ ጋር ነው። ከሐዋርያት ቀኖናዎች 42ኛው፣ ቁማርንና ስካርን አልተው ያለ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ከሹመቱ እንዲሻር ያዛል። የይሁዳን ቦታ የያዘው ማትያስ ግን የተመረጠው በዕጣ ነው። ከመንዝ ወርደን ወደ ይፋት ቆላ ብንዘልቅ ሙስሊሙም የሚያምነው ከዚህ አይርቅም። ቁርኣን በአል-በቀራህ 219 እና በአል-ማኢዳህ 90 ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ ይኮንናል። ነቢዩ መሐመድ ለጉዞ ሲነሱ ከባለቤቶቻቸው አብራቸው የምትሄደውን በዕጣ ይለዩ እንደነበር ደግሞ ሐዲስ ይናገራል። ደጋውና ቆላው በብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህ አልተለያዩም፤ የጋራን ነገር በዕጣ መካፈል ደንብ ነው፣ የሌላውን ገንዘብ በዕድል መብላት ነውር ነው።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪን ሲያቋቁም ቲኬት ሊሸጥለት የተነሳው ሕዝብ እንግዲህ ይህ ነበር። ዘዴው ብልህ ነበር ማለት ይቻላል። ግለሰብ ሎተሪ እንዳያወጣ መንግሥት ሥራውን ለብቻው ያዘ፤ ትርፉ ለአገር ልማት ነው ተባለ፤ ዕጣው ደግሞ ሕዝብ በተገኘበት በይፋ እንዲወጣ ተደረገ። እኔ ከሦስቱ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለመጨረሻው ነው። ልማቱን ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ የቶምቦላ ሎተሪ የሚገዛ መንገደኛ በዓይኑ ላያየው ይችላል። አዟሪው በካርቶን ላይ የደረደራቸውን ቲኬቶች እያሳየ «ነገ ነው የሚወጣው!» ሲለው ግን፣ ነገ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰው እያየ ቁጥሩ እንደሚወጣ ያምናል። ስለዚህ የመጨረሻዋን አኃዝ መርጦ ይገዛል፤ ዋናው ዕጣ ቢቀር በማስተዛዘኛው ይጽናናል።

ደርግ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነና ርስትም የርስት ዕጣውም አብረው ቀሩ። ሎተሪው ግን አልተነካም። የከበርቴ ሥርዓት ቅሪት የተባለው ሁሉ በሚወገዝበት ዘመን፣ አንዱን ሰው በአንድ ሌሊት ከበርቴ የሚያደርገው ቲኬት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መሸጡ ቀጠለ፤ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው። ኢሕአዴግም ተቋሙን በአዋጅ ቁጥር 535/1999 እንደገና አቋቋመው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ የሆነ የዕድል ሙከራ ሽልማት 15 በመቶ እንዲቆረጥበት ተደነገገ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሕዝባቸው ሙስሊም የሆኑ አገሮችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1926 የሎተሪን ሥራ ለአቪዬሽን ማኅበሯ ሰጠች፤ ቲኬት የገዛ ለአገሩ አውሮፕላን ገዛ ለማለት ነው። በ1939 ብሔራዊ ሎተሪዋን አቋቋመች፤ ካዚኖዎችን ግን በ1998 ዘጋቻቸው። በኢንዶኔዥያ የጃካርታው ገዥ አሊ ሳዲኪን እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ቁማርን ፈቅደው ከግብሩ ትምህርት ቤትና መንገድ አሠሩበት። የአገሪቱ ሎተሪ ግን የሙስሊም ማኅበራትና የተማሪዎች ተቃውሞ በርትቶበት በ1993 ቆመ። ማሌዥያ በ1969 ለገንቲንግ ተራራ ካዚኖ ፈቃድ ስትሰጥ ሌላ መላ መታች፤ በሩ ለሙስሊም ዜጎቿ ዝግ ነው፣ ግብሩ ግን ወደ ሁሉም የጋራ ግምጃ ቤት ይገባል። ቁማሩን እንደ ዜጋው ሃይማኖት መከፋፈል የእኛ መንግሥታት ያልሞከሩት ነው፤ ቢሞክሩትም እንደ ይፋትና መንዝ ተጎራብቶ፣ በአንድ ገበያ ተገናኝቶ በሚኖር ሕዝብ መሐል እንዴት እንደሚሠራ አይታየኝም።

በይፋ የሚወጣ ዕጣ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በደንብ የታየው ቁማር ባልሆነ ነገር ላይ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ አወጣች። ዕጣውን ያወጣው ኮምፒውተር ነበር። በቀናት ውስጥ መረጃው መነካካቱ ተደረሰበት፤ ዕጣው ተሰረዘ፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ታሰሩ። ዕጣው የወጣው በይፋ ነበር፤ ተመልካቹ ያየው ግን በስክሪን ላይ የሚሮጥ ስም ነው። የመንዝ ወራሽ ጠጠሩን በዓይኑ ይከተላል። ለቤት ብሎ ለዓመታት የቆጠበው የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚከተለው ነገር አልነበረውም።

በስፖርት ውርርድ ደግሞ ዕጣ የሚባል ነገር ጭራሹን የለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቤቲንግ ቤቶች በፈቃድ ተከፍተው በየከተማው ተዳረሱ፤ ዕድሜው 21 ያልሞላ እንዳይገባ የሚል ደንብም አላቸው። ወጣቱ ስምንት፣ አሥር ጨዋታ ደርድሮ ትኬት ይቆርጣል፤ ዘጠኙ ሰምሮለት አሥረኛው በእንግሊዝ አገር በባከነ ሰዓት በገባች ጎል ይበላሻል። ሎተሪ ቀን ተቆርጦለት የሚወጣ ነው፤ ይሄኛው በየሳምንቱ፣ በየማታው አለ። ኪሳራውም ከሎተሪው ይለያል። የቶምቦላ ገዢ ገንዘቡ ሲበላ ዕድሉን ይረግማል፤ የቤቲንጉ ልጅ ግን ኳስ አውቃለሁ ባይ ነውና «የሚቀጥለውን አላጣትም» ይላል። የክፍያውን ልክ አስቀድሞ የወሰነው ቤቱ ነው፤ ስሌቱን ቆሞ ያየ ሰው የለም።

በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር እነዚህን ቤቶች ማሸግ ጀመረ። ምክንያቱ ወጣቶችን ከሱስ መጠበቅ ነው፤ ወላጆችም በደስታ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ውርርዱ በአመዛኙ በስልክ ሆኗል። መንግሥትም ሎተሪውን በዲጂታል መንገድ፣ አድማስ ብሎ ሰይሞ፣ በአጭር መልእክት ይሸጣል። ዱሮ ዕጣው እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ቲኬቱን በሻሽ ጫፍ ቋጥሮ ያስቀምጥ ነበር፤ አሁን የሚያስቀምጠው ቁጥር የተጻፈበትን መልእክት ነው።