ክሬምና ግራጫ፦ የጅጅጋ ክፍሎች የቀለም ምርጫ ከታሪክ አንጻር

የጅጅጋ ሜዳ አርብቶ አደር ማደሪያው አቃል ነበር። አቃል ሴቶች ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት፣ በግመል ተጭኖ የሚሄድ ቤት በመሆኑ የውስጡ ቀለም የሰሌኑ ቀለም ነው። ከጅጅጋ በስተ ምዕራብ በሐረር ከተማ ግን ግድግዳው በኖራ ይነጣል፤ ወለሉና ነደባ የተባለው መቀመጫ በቀይ አፈር ይቀባል። ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል፤ አፈሩም ቅላቱን የሚያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው።

የፋብሪካ ቀለም ጠባይ ከዚህ የተለየ ነበር። ነጩ ለብዙ ዘመን ከእርሳስ ማዕድን ሲሠራ፣ ደማቁ ቢጫም ከእርሳስና ከክሮሚየም ውሁድ ይገኝ ነበር። ቀቢዎች በመመረዛቸው የዓለም ሥራ ድርጅት ጉባኤ በ1921 እ.ኤ.አ. ነጭ እርሳስ ለቤት ውስጥ ቅብ እንዳይውል፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የሚከለክል ስምምነት አጸደቀ። በኢትዮጵያም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ይህ ታሪክ ዛሬ ለክፍል የሚመረጡትን ሁለት ለዘብተኛ ቀለሞች ይነካል። ግራጫ ነጭ ከጥቂት ጥቁር ጋር ሲሆን፣ ክሬም ነጭ ከጥቂት ቢጫ ጋር ነው። ስለሆነም ክሬሙን የመረጠ ሰው ቢጫው ከብረት ኦክሳይድ መሆኑን መጠየቅ ይገባዋል፤ ሕፃናት የተላጠ ቅብ ወደ አፋቸው ይከታሉና።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አልበርት መንሰል በ1905 እ.ኤ.አ. የቀለምን ዓይነት፣ ብሩህነትና ድምቀት ለይቶ አስቀምጧል። ስለዚህ ክሬምና ግራጫ የሚነጻጸሩት ብሩህነታቸው እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ከፈካ ክሬም ጋር ቢቀርብ የሚፈረደው በቀለሙ ላይ ሳይሆን በጥላው ላይ ነው።

የአውሮፓ ልማድ ፀሐይ ለማያገኘው የሰሜን ክፍል ክሬም፣ ለደቡቡ ግራጫ ያዛል። ጅጅጋ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ከ21 ደቂቃ ግድም ላይ በመሆኗ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌም ነገሩ ያው ነው። የአውሮፓው ሕግ እዚህ አይሠራም። ከሰሜንና ከደቡብ ይልቅ ትኩረት የሚሹት የጧትና የማታ ፀሐይ በዝቅታ የምትገባባቸው የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው።

እንግዲህ ቀቢው ቆርቆሮውን ከመክፈቱ በፊት መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ቀለሙም ከምን እንደተሠራ ይጠይቅ። የሐረር ቤት ኖራና ቀይ አፈር ሁለተኛውን ጥያቄ ፋብሪካ ሳይመጣ መልሰውት ነበር።