ራስ እምሩ የታሰሩበት ቤት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ጣሊያን፣ ሉካኒያ በሚባለው ደረቅ አገር፣ የአሊያኖ ገበሬዎች አደባባይ እንዲወጡ ታዘዙ። የመንደሩ ሹም ኢትዮጵያ ላይ ጦርነት መከፈቱን ሊያበስራቸው ነው። እነሱ ግን ሳያጨበጭቡ ሰምተው ወደየጉዳያቸው ሄዱ። ወባና ግብር ለሚፈራረቁበት ሰው ሮም ራሷ ሩቅ አገር ነበረች።

ይህን ያስተዋለውና ኋላ በመጽሐፍ ያሰፈረው ግዞተኛው ካርሎ ሌቪ ነው። የ32 ዓመቱ የቱሪን ሰው በሕክምና ቢመረቅም ልቡ ያደላው ለሥዕል ነበር። ወንጀሉ «ፍትሕና ነፃነት» ከተባለው ፀረ ፋሺስት ማኅበር ጋር መሥራቱ ሲሆን፣ ፍርድ ቤት ግን አልቀረበም። መቅረብም አላስፈለገውም። በ1919 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አንድ የክፍለ አገር ኮሚሽን የጠረጠረውን ሰው እስከ አምስት ዓመት ወደ ደሴት ወይም ወደ ገጠር እንዲያግዝ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ግዞተኛው ማታ ከቤት አይወጣም፤ ደብዳቤው ሳይነበብ አይደርሰውም፤ ከተወሰነለት ክልል አያልፍም።

የሌቪ ክልል መቃብር ቦታው ላይ ያበቃል። ሥዕሉን ይዞ ወደዚያ ይወጣና ፀሐዩ ሲከብደው አዲስ በተማሰ ባዶ መቃብር ውስጥ ጋደም ብሎ ሰማዩን ያያል። ባሮኔ የተባለው ውሻው አጠገቡ ይተኛል።

ገበሬዎቹ ግን ሠዓሊ ሳይሆን ሐኪም ነበር የሚፈልጉት። ወባ ያንዘፈዘፋቸውን ልጆች ታቅፈው ደጁን ሞሉት። ብዙም ሳይቆይ እንዳያክም ከበላይ ትእዛዝ መጣ። የተቆጡት ገበሬዎች መጥረቢያና ጠመንጃ ሊያነሡ ሲሉ እሱ ራሱ አረጋጋቸው። ያኔ ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። ሐኪም እንዳያክም ሲከለከልና በሽተኛው ሲሞት የሚያሳይ ድራማ አዘጋጅተው ሹማምንቱ ፊት ተጫወቱት።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሙሶሊኒ በድሉ ደስታ ለግዞተኞች ምሕረት ሲያደርግ ሌቪም ተፈታ። የእኛ መዲና መያዝ ለእሱ መፈቻው ሆነ። የሚገርመው ግን ለመሄድ አልቸኮለም፤ ቀናት አዘግይቶ ነው ከአሊያኖ የወጣው።

እሱን የፈታው ድል ሌሎችን አስጋዘ። በሽሬ ግንባር የተዋጉት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ትግሉን ቢቀጥሉም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። አብረዋቸው ከተማረኩት አንዱ ወጣቱ ሐዲስ ዓለማየሁ ነበር። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው ፖንዛ ገቡ። ፖንዛ ፋሺስቶች ተቃዋሚዎቻቸውን ያጉሩባት የነበረች ትንሽ ደሴት ናት። ሐዲስ በኋላ ወደ ሊፓሪ ተዛውሮ ሰባት ዓመት ገደማ በግዞት ቆየ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፈው አገሩ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሐምሌ 18 ቀን 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ታሰረ። አዲሱ መንግሥት የት እንደሚሸሽገው ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ፣ በሦስተኛው ቀን በመርከብ ፖንዛ አወረደው። ያስገቡት ቤት ራስ እምሩ ታስረውበት የነበረው ነው። ስልሳኛ ዓመት ልደቱን ያከበረውም በማግሥቱ እዚያው፣ ጠባቂ ቆሞበት ነው።

እሱ ያጋዛቸው ሰዎች ገና ከደሴቲቱ አልወጡም ነበር። ከመካከላቸው ሶሻሊስቱ ፒየትሮ ኔኒ በመስኮቱ አሻግሮ አየው። በ1904 ዓ.ም.፣ ሁለቱም ወጣቶች፣ ሙሶሊኒ ሶሻሊስት ኔኒ ደግሞ ገና ሪፐብሊካን ሳሉ፣ ጣሊያን ሊቢያን መውረሯን ተቃውመው አንድ ላይ ወህኒ ወርደው ነበር።